ለከርከሮ የተተኮሰ የቀብር ጥይት

ጥይት መምረጥ ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ፣ ወይ ተኩሶ አያውቅም ወይ ከርከሮ ገጥሞት አያውቅም። እኔ የጎማ ምርጫ ብትጠይቁኝ ዓይኔን ጨፍኜ እመልሳለሁ። መርሳ ላይ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ ጎማ ስለጥፍ ነው ፀጉሬ ያለቀው። ሚስቴ «በሐሳብ ነው» ትላለች፤ እኔ ግን ከጎማው ውስጥ የሚወጣው ነፋስ የወሰደው ይመስለኛል። ጥይትን በተመለከተ እውቀቴ የወሬ ነበር። በወሬ ደግሞ እኔን የሚያህል ተኳሽ ወረዳችን ሀብሩ አላበቀለችም። በወሬ ነብር ጥያለሁ። በወሬ በአንድ ጥይት ሁለት ቆቅ አውርጃለሁ፤ ሰሚው ዝም ካለኝ ሦስተኛዋንም እጨምራለሁ።

ታዲያ ያ ኅዳር መጣ። ጦርነቱ ገና የራዲዮ በነበረበት ጊዜ ማለቴ ነው። ሰሜን ላይ መጀመሩን ሰምተናል፤ በአስፋልቱ ሽቅብ የሚወጣውን መኪና አይተናል፤ የብዙውንም ጎማ ነፍቼ ሸኝቻለሁ። ግን እኛ ዘንድ ብርቱካኑ በወቅቱ ይለቀም ነበር፤ ሰውም ሲለያይ «ነገ እንገናኝ» የሚለው ሳያስብበት ነበር። አሁን ዞር ብዬ ሳየው፣ የዚያን ጊዜ ትልቁ ጠላታችን አንድ ከርከሮ ነበር። እንዲያ ያለ ጠላት ደግመህ ስጠን ብዬ ስጸልይ ቄሱ ቢሰሙኝ ምን ይሉኝ ይሆን።

ከርከሮው ማዕረግ ነበረው። መጀመሪያ የታየ ሰሞን አሥር አለቃ አልነው። የጎረቤታችንን የሁሴንን ማሽላ ሲገለብጥ መቶ አለቃ ሆነ። የወንዝ ዳሩን ሸንኮራ ሲጨርስ ሻምበልነቱን ማንም አልተከራከረውም። እኛ ማሳ ሲደርስ ሻለቃ ነበር። በወታደር ቤት እንዲህ በአንድ መኸር የተሾመ ሰው አልሰማሁም።

እኛ ማሳ ስል አባቴ ከመርሳ ወጣ ብሎ ከኮረብታው ሥር የተወልኝን ማለቴ ነው። የሚያርሱት የአባቴ ጓደኛ አያ ደምሌ ነበሩ፤ ምርቱን እኩል እንካፈላለን። እኩል ማለት እሳቸው ያርሳሉ፣ ይዘራሉ፣ ያርማሉ፣ ያጭዳሉ፤ እኔ ደግሞ እካፈላለሁ።

አያ ደምሌን ከውርጌሳ እስከ ሲሪንቃ የማያውቃቸው አልነበረም። የበለጠ የሚታወቀው ግን ጠመንጃቸው ነው፤ ከአባታቸው የወረሱት ምንሽር። ክላሽ ሲተኮስ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደ መበተን ነው፤ የማን እንደሆነ አይለይም። የአያ ደምሌ ምንሽር ግን አንድ ጊዜ ይናገራል፤ ኮረብታው ይደግመዋል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ገደል «አሜን» ይላል። በአገራችን ወግ ስም ያለው ሰው ሲሞት ያለ ተኩስ አይቀበርም፤ በአካባቢው የሞተውን ስም ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ በተኩስ የሸኙት አያ ደምሌ ናቸው። ስም የሌለውንም ቢሆን «ለዛሬ ይኑረው» ብለው ይተኩሱለት ነበር።

ሰውን ሲሸኙ ጥይቱ አለቀ። የዚያ ምንሽር ጥይት ደግሞ ገበያ ላይ ከጠፋ ቆይቷል። አንድ ሰንበቴ ላይ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲዞር አያ ደምሌ ብድግ አሉ።

«ጎበዝ፣ እናንተን ሳስቀብር ዝናሬ ተራቆተ። የቀረኝ ሦስት ጥይት ነው። ሦስቱም የኔ ናቸው። ከእንግዲህ ይህን ምንሽር የሰማ፣ ደምሌ ሞተ ብሎ ነጠላውን ያዘቅዝቅ።»

ይህን ንግግር ሰው ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ያዘው። እናንተም ያዙልኝ። እኔ አልያዝኩትም፤ መከራዬም ከዚያ ነው የጀመረው።

ሻለቃውን መጀመሪያ በሰላማዊ መንገድ ለማነጋገር ሞከርን። ቆርቆሮ አንጠለጠልን፤ በነፋስ ሲንኳኳ እሱ በምቱ ይበላ ጀመር። የሥራ ቱታዬን በገለባ ሞልተን ማስፈራርቾ አቆምን፤ ጥላው ሥር ተኛበት። በዚያው ማለዳ ማማው ላይ የነበሩት አያ ደምሌ እንደነገሩኝ ከሆነ፣ ሻለቃው ቱታውን አሽትቶ አስነጠሰ። «የጎማህ ሽታ ነው» አሉኝ።

ጥይት ያስፈልጋል ተባለ። ግን የትኛው? ነገሩ ጎማ ቤቴ ደጅ ላይ ለውይይት ቀረበ። ሁሴን፣ የቅሬያችን፣ ማለትም የእድራችን፣ ሰብሳቢ የሆነው፣ ድንኳኑም ጡሩንባውም ቤቱ የሚቀመጠው፣ ግራ እግሩን የተገለበጠ ቸርኬ ላይ ሰቅሎ ብይን ሰጠ።

«ክላሽ ለከርከሮ አይሆንም፤ ወላሂ አይሆንም። ጥይቱ አጭር ነው፤ ማዶ ሲደርስ ልቡ ይዝላል። የከርከሮ ቆዳ ደግሞ ጭቃ ደርቆበት ግድግዳ ሆኗል። ‘ማነው ያከከኝ’ ብሎ ነው ዞሮ የሚያየው።»

«በዲሽቃስ?» አልኩ።

«በዲሽቃማ ማሽላውም ይሞታል።»

«እና ምን ይሻላል?»

ሁሴን ወደ ኮረብታው ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምንሽር ነበር የሚሻለው። ረጅም ነው፣ ፈጣን ነው። ግን እሱ የሰውየው ከፈን ነው። እንዳትጠይቃቸው፤ ነውር ነው።»

ደግሞም ክላሽ ያለው ጎረምሳ ሁሉ ለዘመቻ ተጠርቷል፤ ያልተጠራውም ጥይቱን ለክፉ ቀን ቋጥሯል። ስለዚህ ነውሩን ልሠራ ወደ አያ ደምሌ ቤት ሄድኩ። ቤታቸው ከማሳው ራስ ላይ ነው፤ ከደጁ የተነገረ ማሽላው ውስጥ ይሰማል። ይህንንም ያዙልኝ።

የምፈልገውን ስነግራቸው አልተቆጡም። ገቡና ከጓዳ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘው ወጡ። ሦስቱን ጥይቶች በወንፊት ላይ ደረደሯቸው።

«ይቺ አፍንጫ ድቡልቡሏ» አሉ፣ «አስከሬኔ ከቤት ሲወጣ ነው። ይቺ ሹሏ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንደርስ። ይቺ የዛገችው ደግሞ አፈር ሲመለስብኝ።»

እንግዲህ ጥይት መምረጥ አልኳችሁ። ሰው እህል ለማዳን ከገዛ ቀብሩ የትኛውን ክፍል ይቀንሳል?

«ልዩነታቸውን ያስረዱኝ» አልኩ፣ እንደሚያውቅ ሰው አንዱን አንስቼ እየመዘንኩ።

«ሹሏ ፈጣን ናት። ድምፁ ሲደርስ እሷ ሥራዋን ጨርሳ ቁጭ ብላለች።»

«ጫት የጫነ መኪና በሏታ።»

«ድቡልቡሏ ቀስ ትላለች፤ ከባድ ናት።»

«ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ። የዛገችውስ?»

«ከአባቴ ዝናር የተረፈች ናት። ትጩህ አትጩህ የሚያውቀው እግዜር ነው።»

«እንግዲያው ለከርከሮው የዛገችውን እንስጠው።»

«እምቢ ብትልስ? ሻለቃው ቆሞ ይስቅብሃል።»

«ቀብሩ ላይ እምቢ ብትልስ?»

አያ ደምሌ ጢማቸውን አሹ። «ያኔ እኔ አልሰማም» አሉ።

ይህን የመሰለ ክርክር ማን ያቆመዋል? ባለቤታቸው እትዬ የሺ ነበሩ ያቆሙት። ምስር እየለቀሙ ሁሉንም ሲያዳምጡ ቆይተዋል።

«የዛገችውን ተኩሳችሁ ጠመንጃው ፊታችሁ ላይ ቢፈነዳ ማን ያጭድልኛል? ድቡልቡሏስ ቀስ የምትል ከሆነ ከርከሮው አይጠብቃትም። ሹሏን ስጠው።»

«የደጄን?» አሉ አያ ደምሌ።

«አንተ ሰው፣ ተዝካርህን እኮ ነው ከርከሮ የሚበላው። ሦስት ጊዜ ተኩሰውልህ ለቀስተኛው ጾሙን ሲሄድ ምን ይሉሃል?»

አያ ደምሌ ወደ ወንፊቱ አቀረቀሩ። ቀልድ አይምሰላችሁ። በሕይወታቸው የተመኙት ነገር ቢቆጠር፣ ሀብትም ሹመትም ሳይሆን፣ ያቺ ምንሽር ለሌላው ሁሉ እንደጮኸች ለእሳቸውም እንድትጮህ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ሹሏን አንስተው በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሏትና መዳፌ ላይ አኖሯት።

«ይሁን። ደጁን በዝምታ እገባዋለሁ» አሉ። ቀጥለውም «ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ቀብሩን ለእርኩስ አውሬ ሰጠ ይሉኛል።»

ልብ በሉ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች የጥይቱን አፍንጫ፣ ወገብ፣ ፍጥነትና ክብደት መርምረናል። ድምፁን ግን አንዳችንም አላነሳነውም።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ማማው ላይ ወጣን። ማማ ማለት ማሽላ የሚጠበቅበት የእንጨት ቆጥ ነው፤ የኛው የተሠራው አባቴ ቀጭን በነበረበት ዘመን ስለሆነ እኔ ስወጣ አጉረመረመ። የአያ ደምሌ ዓይን ሞራ ስለጀመረው የምተኩሰው እኔ ነኝ። እሳቸው አጠገቤ ተንበርክከው በሹክሹክታ ያዝዙኛል። «ሰደፉን ወደ ትከሻህ። አትፍራው። እንደ ሚስትህ እቀፈው።» እንደ ሚስቴ አቀፍኩት፤ ማለትም ፈራሁት።

ሻለቃው ወጣ። እንዴት ያለ ፍጡር መሰላችሁ። ጥጃ ያህላል፤ ኧረ ወይፈን ያህላል፤ የምትጠራጠሩ ከሆነ ጥጃ ይሁን። ዘንጋዳውን በጥርሱ እያጎነበሰ፣ ራሱን ወደ ምድር ሲያወርድ ያየው ቅዳሴ ቤት የገባ ይመስለዋል። አነጣጠርኩ። ቃታውን ሳብኩ።

ምንሽሩ ተናገረ። ኮረብታው ደገመው። ገደሉ አሜን አለ። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በአየር ላይ ሳለሁ ነው፤ ጠመንጃው ትከሻዬን ገፍቶ ከማማው አውርዶኝ ነበር። ማሽላው ላይ በጀርባዬ አርፌ ቀና ስል አያ ደምሌ ከላይ ያዩኛል።

«መታሁት?»

«መትተኸዋል» አሉ።

«ሻለቃውን?»

«ቱታህን።»

እውነታቸውን ነው። ማስፈራርቾው ደረቱ ላይ፣ ልክ ልብ ባለበት፣ ተበስቶ ገለባው ይፈሳል። ሻለቃው ግን በማሽላው መካከል እንደ ጀልባ እየሰነጠቀ ጠፋ። አያ ደምሌ ወርደው አጠገቤ ተቀመጡ። የደጁ ጥይት በጎማ ለጣፊ ቱታ ውስጥ አልፋ ሄደች።

ያኔ ጡሩንባው ተነፋ።

«ማን ሞቶ ነው በማለዳው?» አሉ አያ ደምሌ፣ ቆባቸውን እያወለቁ።

ከኮረብታው ላይ የአንዲት ሴት ጩኸት ተለቀቀ፤ ከወንዙ ማዶ ሌላዋ ተቀበለቻት። የሰንበቴው ንግግር እኔ ጭንቅላት ውስጥ የገባው ይኼን ጊዜ ነው።

«አያ ደምሌ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «እርስዎ ነዎት።»

«ምን?»

«የሞቱት።»

ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

«ቁጭ በል» አሉ። «እስቲ ምን እንደሚሉኝ ልስማ። ይህ ዕድል ለስንት ሰው ይደርሳል?»

ቁጭ አልን። መርሳ ከተማ ላይ ምን እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት። እንግዳው ሰው ሁሉ ጦርነቱ የገባ መስሎት ነበር፤ ጎማውን እኔ ዘንድ ያሳደረ ሾፌር ጎማውን ጥሎ በትርፍ ጎማ ወደ ውርጌሳ ሸሽቷል። ያገሩ ሰው ግን አልደነበረም። «የምን ጦርነት፤ የአያ ደምሌ ምንሽር ናት» ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ።

መጀመሪያ የደረሱት ሴቶቹ ናቸው። እትዬ የሺ ደጅ ላይ ቆመው ሲያስረዱ እንሰማለን።

«ኧረ ተዉ፣ ደህና ነው። ማሽላው ውስጥ ነው ያለው።»

«ማሽላው ውስጥ ወደቀ!» አለች አንዷ፣ ሌሎቹም ተቀበሏት። እትዬ የሺ ከዚያ በኋላ የተናገሩት ሁሉ የሐዘን ብዛት ሆኖ ተቆጠረባቸው። «አእምሮዋን ነክቷታል፣ ውኃ ስጧት» ይባላል። ቀጥሎ አልቃሿ ገጠመች።

*ያ ምንሽር ጮኸ ማልዶ በማለዳ፣*
*ደምሌ ተነሣ እንደ መሸ እንግዳ።*

«እንግዳ?» አሉ አያ ደምሌ ቅር ብሏቸው። «እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አርጅቼ? ለቤት መምቻ ብላ ነው።»

*ማሽላው ደረሰ፣ ማን ሊያስገባው ጎታ፣*
*ከርከሮ ይብላው ወይ ጠዋትና ማታ።*

«ይኼስ ደግ ነው። ይቺ ሴትዮ እርሻ ታውቃለች።»

ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ግን ያልጠበቅነው ነበር። አያ ካሳው ነበሩ። የድንበር ባላጋራቸው፤ በአንዲት ፈር ምክንያት ከአያ ደምሌ ጋር ሰላምታ ያቋረጡት እኔ ገና ጢም ሳላበቅል ነው። ቁልቁለቱን እየሮጡ፣ ደረታቸውን እየደቁ መጡ።

«ወንድሜ፣ ሳልታረቅህ! ፈሯን ውሰዳት፤ ውሰዳት ወንድሜ፤ ምን ያደርግልኛል አፈር!»

አያ ደምሌ ክንዴን ጨመቁኝ። «ሰማህ?» አሉ። «ምስክሬ አንተ ነህ።» ይህን ሲሉ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ሞራው ነው ቢሉኝም አላመንኳቸውም።

ምናልባት እስከ ቀትር እንቀመጥ ነበር። ያስነሳቸው የእትዬ የሺ ድምፅ ነው። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሳቸውም ተጠራጠሩ፤ ጠመንጃው ፈንድቶበት ቢሆንስ አሉ መሰለኝ፣ ሳቅና ቁጣ የነበረው ድምፃቸው ድንገት ተሰበረና «ደምሌዋ» አሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብለው። አያ ደምሌ ብድግ አሉ።

ከማሽላው ሲወጡ ፀጉራቸው ላይ ገለባ፣ እጃቸው ላይ ምንሽር ነበር። ከኋላቸው እኔ እያነከስኩ። ጡሩንባ ነፊው ጡሩንባውን ጣለ። ድንኳን ሲተክል የነበረው ሁሴን ካስማውን እንደያዘ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ቢስሚላህ። አያ ደምሌ፣ ሰው ነዎት ጅን?»

«ሰው ነኝ» አሉ። «ቁርስ ያልበላሁ ሰው።»

የቀረውን አላስረዝምም። እትዬ የሺ መጀመሪያ አቀፏቸው፣ ቀጥሎ በነጠላቸው ጫፍ መቷቸው። ለለቀስተኛው ንፍሮ ተጥዶ ስለነበር ተበላ፤ አያ ደምሌ ከራሳቸው ንፍሮ ዘግነው ጨው ያንሰዋል አሉ። አያ ካሳው ፈራቸውን መልሰው ጠየቁ።

«የሰጠሁት ለሟች ነው» አሉ።

«ሟች ነበርኩኮ» አሉ አያ ደምሌ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ፈሯ አያ ደምሌ በደንብ ሲሞቱ የሳቸው ትሁን፣ እስከዚያው ካሳው ይረሷት፣ እስከዚያው ደግሞ ይነጋገሩ ተብሎ ተፈረደ። እኔም አልቀረልኝ፤ የቅሬውን ድንኳን ብቻዬን ተሸክሜ እስከ ሁሴን ቤት እንድመልስ ተወሰነብኝ። በእኛና በሁሴን ቤት መካከል ያለውን አቀበት የማታውቁት ዕድለኞች ናችሁ። ማሽላውስ? ለቀስተኛው በአቋራጭ ሲመጣ የረገጠው ሻለቃው በወር ከበላው በለጠ። ሻለቃውም ሰው ደጅ ላይ ንፍሮ ሲበላ፣ እሱ በታችኛው በኩል ተመልሶ ቁርሱን ጨረሰ። ሌተና ኮሎኔል አልነው።

በዓመቱ ጦርነቱ ከራዲዮው ወጣና መርሳ ገባ።

ስለዚያ ወራት ብዙ አልናገርም፤ የማያስቀውን ማውራት ሙያዬ አይደለም። አያ ደምሌ በዚያው መካከል ታመሙ። መድኃኒት አልነበረም፣ መንገድም አልነበረም። ማሽላው ሊያሸት ሲል አረፉ። ምንሽሯ እንዳትወሰድ አገዳ ክምር ሥር ተቀብራ ነበር። ተኩስ የማይታሰብ ነው። ጡሩንባ አልተነፋም፤ ድንኳን አልተተከለም፤ ሴቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ነበር የሚያለቅሱት። ቃሬዛውን የተሸከምነው ሁሴንና እኔ ከፊት፣ አያ ካሳውና አንድ ዲያቆን ከኋላ ሆነን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ ሁላችንም ሳንነጋገር ቆም አልን። አንድ ነገር የሚጠበቅበት ቦታ ነበር። ከዚያ እንዳሉት፣ በዝምታ ገቡ።

አፈሩ ሊመለስ ሲል አያ ካሳው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለተኛ ሰው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «ፈሯ ያንተ ናት» አሉ። «ተኩሱንም አታስብ፤ ያንተ አስቀድሞ ተተኩሶልሃል። አገር ሙሉ ሰምቶ ወጥቷል። አንተም ሰምተሃል።»

ሁሴን ፊቱን አዞረ። እኔ በዚያ ቦታ፣ በዚያ ቀን፣ ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮ መጣና ማን እንደቀደመ አላውቅም።

አሁን ሁለቱ ጥይቶች እኔ ዘንድ ናቸው። እትዬ የሺ ናቸው የሰጡኝ፤ «ያ አውሬ ሲመጣ ተኩስበት» ብለው። ጎማ ቤቴ ውስጥ፣ የጎማ መፍቻ ብረቶች የማኖርበት ጣሳ ውስጥ ተቀምጠዋል። በየኅዳሩ ምንሽሯን ይዤ ማማው ላይ እወጣለሁ። ሻለቃው ዛሬ ጄኔራል ነው፤ የጦርነቱን ዘመን ያለ ጠባቂ በልቶ የተሾመ። አያ ካሳው ሳያርሷት በተዉአት ፈር ላይ ቆሞ በእርጋታ ያኝካል። እኔም ድቡልቡሏን አነሳለሁ፣ እመዝናታለሁ፣ አኖራታለሁ። የዛገችዋን አነሳለሁ፣ አኖራታለሁ።

ሚስቴ «ዘንድሮም አልመረጥክም?» ትለኛለች። ምርጫው አይደለም የከበደኝ። ያቺ ምንሽር አንዴ ብትጮህ ኮረብታው ይደግማታል፣ ገደሉ አሜን ይላል፣ ሰውም «አያ ደምሌ» ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ያኔ እኔ ከማሽላው ወጥቼ «ኧረ አሉ፤ እዚሁ ቁጭ ብለው እየሰሟችሁ ነው» የምለው ነገር የለኝም።

ስለዚህ ጄኔራሉ ማሽላውን ይብላ። ደግሞም ትንሽ ጨው ሳያንሰው አይቀርም።